አንድ ጀበና፣ አራት ተማሪ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ባለችው ጠባብ ወጥ ቤታችን ውስጥ የቡና መቁያው ተጥዷል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ጥሬ ቡናውን ሚዛን ላይ አድርጎ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈ፤ ልክ 200 ግራም። የስድስት ዓመቷ እህቱ ደብተሯ ላይ «ቡ»ን ጽፋ ጨርሳ «ና»ን ከግድግዳው የፊደል ገበታ ላይ እየፈለገች ነው። የሦስት ዓመቱ ማሙሽ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ይዞ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ አሥር አሥር ለማድረግ ይታገላል፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ አምስት ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ትልቋ ደግሞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ፣ «እማዬ፣ ቡና የእኛ ከሆነ ስም ያወጣለት ሊኒየስ ለምን አረቢካ አለው?» ትለኛለች።

ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ሁሉም ዝም አሉ። ወዲያው ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። መስኮት ከፈትን፣ ፎጣ አራገብን፣ ማሙሽ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጸጥ ሲል የስድስት ዓመቷ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ «ጭስ መኖሩን በምን አወቀ? አፍንጫ የለውም እኮ» አለች። ይህ ጥያቄ ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ግን ሄድንበት። አንዳንዱ መሣሪያ ውስጡ የብርሃን ጨረር እንዳለው፣ ጭስ ሲገባበት ብርሃኑ ተበትኖ መቀበያው ላይ እንደሚያርፍና ያኔ እንደሚጮህ ከትልቋ ጋር ሆነን አነበብን። በእጅ ባትሪና በጀበና እንፋሎት አስመስለን ሠራነው። ስንመለስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ መዘንነው፤ 168 ግራም። «32 ግራሙን ማን ወሰደው?» አለ ልጄ። ራሱ አካፈለው፣ ራሱ አባዛው፣ 16 በመቶ ብሎ ጻፈ፣ ከጎኑም «ውሃውና ጋዙ በመስኮት ሄደ» ብሎ ጨመረ።

በአንዲት ጠዋት ፊደል፣ ቁጥር፣ መቶኛ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክ። አራት ልጅ፣ አንድ መቁያ። ይህን ለማውራት የደፈርኩት ቤታችን ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ይመስል ስላልነበረ ነው።

ልጆቻችንን ቤት ማስተማር (ሆምስኩል) የጀመርን ዓመት ልጆቼን በእጅጉ እወድ ስለነበር የሠራሁት ስህተትም ትልቅ ነበር። ማሙሽ ገና ጡት ይጠባል። ለሦስቱ ትልልቆች ለየብቻ ሥርዓተ ትምህርት ገዛሁ። ትልቋ የጥንት ግብፅን፣ ወንድሟ ፕላኔቶችን፣ ትንሿ እንስሳትን ትማራለች። ለአንዷ ፒራሚድ ሳስረዳ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል፤ እሱ ዘንድ ስደርስ ሦስተኛዋ ከወንበሯ ወርዳለች፤ እሷን ሳስቀምጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምሳ አልተነሣም፣ ማንም ምንም አልጨረሰም፣ እኔም ድምፄ ተዘግቷል። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን ከምታነቡ እናቶችና አባቶች መካከል ያችን መኪና የምታውቁ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። አቅም ስላነሳችሁም አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ትምህርት ቤት ለብቻ መክፈት ማንም ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም፤ አበቃ።

ያን ቀን ማታ ጅማ ላሉት አባቴ ደወልኩ። ጎጃም ተወልደው፣ ልጅነታቸውን በቄስ ትምህርት ቤት አሳልፈው፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጅማ የኖሩ ሰው ናቸው። ብሶቴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ የኔታ አንድ ነበሩ፤ እኛ ሠላሳ ነበርን። ፊደል የሚቆጥረውም፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውም፣ ዳዊት የሚደግመውም እዚያው አንድ ግራር ሥር ነው። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል፣ የኔታ ቁጭ ብለው ሁሉንም ይሰማሉ። አንቺ ለብቻሽ ሦስት የኔታ ለመሆን ነው እንዴ የምትሞክሪው?»

ስልኩን ስዘጋ ሸክሜ ግማሽ በግማሽ ቀሎኝ ነበር። አስቡት፦ አገራችን ውስጥ በየደብሩ ጥላ ሥርም፣ ልጆች ሉሃቸውን ይዘው በሚቀመጡበት የቁርኣን ቤትም ለዘመናት የኖረው ይኸው ነው፤ ዕድሜው የተለያየ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ጥላ። በዕድሜ ተከፋፍሎ በየክፍሉ መቀመጥ ነው አዲሱ ነገር። ልጆቻችሁን በአንድ ላይ ለማስተማር ስታስቡ እንግዳ ነገር እየሞከራችሁ አይደለም፤ ወደምታውቁት ጥላ እየተመለሳችሁ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን መንገድ ዩኒት ስተዲ ይሉታል። አንድ ርዕስ ይመረጣል፤ ለአራት፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት ቤቱ ሁሉ በዚያ ርዕስ ዙሪያ ይሰባሰባል፤ ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሥዕሉም ከእሱ ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ልጅ በዕድሜው ልክ ይጠልቃል። ሐሳቡ ሥር አለው። ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ ጨርቅ እየሸመኑ፣ እንጨት እየሠሩ ሳይንስና ታሪክ ይማሩ ነበር። እኔ ግን የአባቴ ግራር ይበልጥ ቀረበኝ።

ርዕስ ስትመርጡ በእጅ ከሚዳሰስ ነገር ጀምሩ። «ነፃነት» ወይም «ሥልጣኔ» የሚል ርዕስ ትልቋን ሊይዝ ይችላል፤ የሦስት ዓመቱን ልጅ ግን ምን ታስይዙታላችሁ? ቡና ይቆላል፣ ይሸተታል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል። እንጀራም እንዲሁ ነው፤ ማርም፣ ጨውም፣ ጥጥም፣ ቤታችሁ አጠገብ ያለው ወንዝም። እኔ ርዕስ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ትንሹ ልጄ በእጁ የሚይዘው፣ ትልቋ ደግሞ የምትከራከርበት ነገር አለው ወይ? ሁለቱም ካሉት መሀል ያሉት ልጆች ቦታ አያጡም።

ዕቅዴ አንድ ገጽ ነው። እሑድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀቱን በእርሳስ እሠራዋለሁ። ከላይ የሳምንቱን አንድ ትልቅ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ አራት ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት አንድ ሥራ። አንድ ብቻ። በቡናው ርዕስ የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ «ቡና ምን ዓይነት ተክል ነው?» የሚል ነበር፤ አንዱ ቀይ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘር ፊት ለፊት ተገጣጥሞ እንደሚገኝ፣ እኛ ቡና የምንለውም ዘሩ እንደሆነ አወቅን፤ አሥር ፍሬ ማሰሮ ላይ ዘራን። ሁለተኛው ሳምንት «ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?» ነበር። ሦስተኛው የእሳቱ፣ አራተኛው የዋጋው ሆነ። የዋጋው ሳምንት አጭር ነበር፤ አንድ ባለ 12 አውንስ ከረጢት ገዛን፣ ይህ 340 ግራም ነው፤ ለአንድ ሲኒ 17 ግራም ብናደርግ ስንት ሲኒ ይወጣዋል? ሃያ። ልጄ የከረጢቱን ዋጋ ለሃያ አካፍሎ ቡና ቤት ከሚሸጠው ሲኒ ጋር ሲያስተያየው ዓይኑን አላመነም። አምስተኛውን ሳምንት ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት። ይህን ባዶ ሳምንት አደራ እላችኋለሁ፤ ልጅ ታሞ የቀረው፣ እንግዳ መጥቶ የተቋረጠው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ያነሡት ጥያቄ ማረፊያው እሱ ነው።

ሁለተኛውን ሳምንት ጠለቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የተማርንበት እሱ ነውና። የፍየል እረኛውን የካልዲን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለልጆቼ ተረኩላቸው፤ ማሙሽ እንደ ፍየሎቹ ሳሎኑን ዞሮ ጨፈረ። ትልቋ ግን «ይህ እውነት ነው ወይስ ተረት?» ብላ ያዘችኝ። መልሱን እንድትፈልግ ተውኳት። ታሪኩ በጽሑፍ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ በላቲን በታተመ መጽሐፍ እንደሆነ፣ ጸሐፊው አንቶን ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ ምሁር እንደነበር፣ ካልዲ የሚለው ስም ግን እዚያ እንደሌለ አገኘች። ከዚያ ወደ ሊኒየስ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሊኒየስ ተክሉን አረቢካ ብሎ የሰየመው አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በዓረቦች በኩል ስለነበር ነው፤ ከየመኑ የሞካ ወደብ እየተጫነ ይመጣ ነበርና። የዱሩ ቡና ግን ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የከፋን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ልጄ በሁለት ገጽ ጽሑፍ ለአገሯ ተሟገተች። ማንም እንድትጽፍ አላዘዛትም።

እሷ ይህን ስታደርግ ወንድሟ ትልቁን የዓለም ካርታ ወለል ላይ ዘርግቶ ርቀት ይለካል፤ የስድስት ዓመቷ በቀይ ክር ከከፋ ወደ ሞካ፣ ከሞካ ወደ አውሮፓ፣ ከዚያ አትላንቲክን አሻግራ ወደ ማርቲኒክ ትስባለች። ፈረንሳዊው መኮንን ገብርኤል ደ ክሊው የቡና ችግኝ ወደ ማርቲኒክ በመርከብ ሲያሻግር የመጠጥ ውሃ እጥረት ስለገጠመ የድርሻውን ውሃ ከችግኙ ጋር እየተካፈለ እንደጠጣ ራሱ ተርኮታል። ይህን ስነግራት ክሩን ይዛ ቆም አለች፤ ያን ቀን ማታ ከራሷ ብርጭቆ ማሰሮዋ ላይ ውሃ ስታፈስ አየኋት። ታዲያ ይህን የትኛው የልምምድ መጽሐፍ ያስተምራል?

ትልቋ የተረዳችውን ለታናናሾቿ እንድትነግር ሁልጊዜ ቦታ ስጧት። እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ሻርለት ሜሰን ልጆች የሰሙትን በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲተርኩ አጥብቃ ትመክር ነበር፤ የኔታም ደቀ መዝሙራቸውን መልሶ ሳያሰማ ወደ ፊት አያሳልፉትም። ያነበበ ልጅ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ያስረዳ ግን በርግጥ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሒሳብንና ንባብን ርዕሱ ውስጥ ጠቅልላችሁ አታስገቡ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ አስገብቼ ነበር፤ ሁሉም ስሌት በርዕሱ ይሁን ብዬ ስጨነቅ ልጄ ክፍልፋይን ሳይማር ሁለት ወር አለፈው። ሒሳብ መሰላል ነው፤ አንዱ ደረጃ ከተዘለለ ቀጣዩ አይረገጥም። ንባብ ለሚጀምር ልጅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የሒሳብና የንባብ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል፤ ለትንሿ ሃያ ደቂቃ ለሒሳብ፣ ሃያ ደቂቃ ለንባብ ይበቃታል፤ ትልልቆቹ ከዚያ ይረዝማሉ። ቡናው የሚጣደው ከዚያ ወዲህ ነው። ለጋራው ትምህርት በቀን አንድ ሰዓት መድቡለት። አንድ ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ አራት ልጅ አንድ ላይ የሚሰጣችሁ አንድ ሰዓት ግን ብዙ ነው።

መጽሐፍ ለመግዛትም አትቸኩሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያበድራል፤ ርዕሱ ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት አስይዙ። ለትንሹ ሥዕል የበዛበት፣ ለመካከለኞቹ አጠር ያለ፣ ለትልቋ ጠጠር ያለ። በአማርኛ የጠፋውን ደግሞ አያት ይሞላዋል። ስለ አፈሩ፣ ስለ ለቀማው፣ ዝናብ ሲዘገይ ስለሚሆነው አባቴ ለልጆቼ በስልክ የነገሯቸውን የትም አላነበብኩትም። የሰዓት ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ሆነ፤ እኛ ጋ ሙቀት ሲሆን ሰባት ሰዓት፣ ብርድ ሲሆን ስምንት ሰዓት ይቀድሙናል። ልጆቼ የሚደውሉት ይህን አስልተው ነው።

የሕጉ ጉዳይ እንዳያስፈራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሃምሳውም ግዛት ቤት ማስተማር የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ከመጀመራችን ቢያንስ 15 ቀን አስቀድመን እንድናሳውቅ ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት መካተት አለባቸው፤ በትምህርት ወረዳው ክትትል ሥር የሆነ ቤተሰብ የልጆቹን ሥራ አሰባስቦ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያሳያል። ቨርጂኒያ ያላችሁ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያችሁን ታስገባላችሁ፣ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1። ጀርመን ያላችሁ ወገኖች ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ እናንተ ይህን ለቅዳሜና ለዕረፍት ጊዜ አድርጉት። አገር ቤት ያላችሁም ሐምሌና ነሐሴ አላችሁ፤ ልጆች በዝናብ ምክንያት ቤት ተሰብስበው የሚውሉበት ሁለት ወር! በርዕስ ስትሠሩ ለማሳየት የሚሆን ሥራ እጥረት አይኖርባችሁም፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፋችሁ በየልጁ ፋይል ማስገባት ብቻ ነው። የቡናችን ክር ካርታ በፎቶ ገብቷል፤ 16 በመቶዋም ገብታለች።

ከሁሉም የምወደው ዓርብን ነው። ዓርብ ከሰዓት አዲስ ነገር አናስተምርም። ቄጠማ ባይኖርም ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ መስኮቱ አሁን አስቀድሞ ይከፈታል። ጀበናው ይጣዳል፤ ሲኒው ለእኔና ለባለቤቴ፣ ለልጆቹ ወተት። አቦል ሲቀዳ ትንንሾቹ ያቀርባሉ፤ ማሙሽ የእንቁላል ካርቶኑን ይዞ ይቆጥራል፣ እህቱ የጻፈችውን ታነባለች። ቶና የዘጠኝ ዓመቱ ነው። በረካ ላይ ትልቋ ትነሣለች። በአንዱ ዓርብ ካፌይን እ.ኤ.አ. በ1819 እንዴት እንደተገኘ ተረከችልን፤ ጀርመናዊው ወጣት ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ የመረመረውን ቡና የሰጠው ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ደክሞ መጥቶ ሲኒውን እንደያዘ፣ «ጎተ? ገጣሚው?» ብሎ ቀና አለ። የልጄ ፊት በደስታ ሲበራ አየሁ። የአባቷን ጥያቄ መመለስ ችላለችና።

እናንተም ትችላላችሁ። የመምህርነት ዲፕሎማ አልያዝኩም፤ ቤታችን ሰፊ አይደለም፤ ባለቤቴ ሌሊት የሚሠራባቸው ሳምንታት አሉ። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡ፣ የልጆቻችሁን ስም ጻፉ፣ ወጥ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ጤፉ አለ፣ በርበሬው አለ፣ ማሩ አለ። አንዱን ምረጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ይዝረከረካል፤ ይዝረከረክ፤ ቀጥሉ።

ማሰሮዋን ልንረሳት ነበር። አምስተኛው ሳምንት ሲገባ ከአሥሩ ፍሬ አንዱም አልበቀለም። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በየቀኑ እየሄደ ሲያይ ከርሟል፤ በመጨረሻ ተናዶ «የእኛ አፈር መጥፎ ነው» አለ። ባዶው ሳምንት ነበርና፣ «አባባን ጠይቃቸው» አልኩት። ሰዓቱን አስልቶ ደወለ። አባቴ ሳቁ፤ «የሱቅ ጥሬ ቡና ለመጠጥ እንጂ ለዘር አይሆንም፣ ልጄ። ለዘር የሚሆነው በደንብ የቀላው እሸት ነው፤ ተፈልፍሎ፣ ስስ ሽፋኑ ሳይገፈፍ፣ ፀሐይ ሳይነካው ጥላ ላይ ጠፈፍ ይደረጋል፤ ብዙ ሳይቆይ ይዘራል። የቆየ ዘር ነፍሱ ትወጣለች» አሉት። ልጄ ስልኩን እንደያዘ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዘር ነፍስ አለው?» ሲል ጠየቃቸው።

ደብተሩ ላይ «10 ዘራን። 0 በቀለ።» ብሎ ቀን ጻፈበት፤ ከሥሩ ጥያቄውን አሰፈረ። ቅዳሜ ዕለት ከቤተ መጻሕፍት ሰባት መጽሐፍ ይዘን ተመለስን፤ ሁሉም ስለ ዘር ናቸው። እሑድ ማታ አዲሱን ወረቀት አውጥቼ አራቱን ስም ስጽፍ፣ ማሙሽ ከአልጋው ወርዶ፣ በባዶ እግሩ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ማሰሮዋን ውሃ ያጠጣ ነበር።